መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ለምን ታጨሳለች?

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ማለዳ ነው። ጅማ ጉሟን ገና አልገለጠችም። ግቢ ውስጥ የምታድረውን አሮጌ ኮሮላዬን ላስነሳ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሁለቴ ተነጫንጮ ሦስተኛው ላይ ተሳካለት። ወዲያው ግቢው በጭስ ተሞላ። በር ላይ የነበሩ የጎረቤት ልጆች «ጋሼ፣ ቡና እየቆሉ ነው እንዴ?» ብለው ተሳሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ከሰዓት በቀጥታ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ ትንሽ አዳመጠ፣ ሁለቴ ነዳጅ ሰጣት። «ሞተሯ አልቋል፤ መውረድ አለባት» አለኝ። በቃ። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) አልፈታም፣ የሲሊንደር ግፊት አልለካም። የጠራልኝ ዋጋ ደግሞ ለባለቤቴ ለመንገር ሁለት ቀን የፈጀብኝ ዓይነት ነበር።

ማታ ጎረቤቴን አማከርኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው።

«ስንት ደቂቃ ጨሰች?» አሉኝ።

«አላየሁም።»

«ቀለሙስ?»

«ነጭ… ግራጫ መሰለኝ።»

«ሽታውስ?»

ዝም አልኩ።

«አንተ መኪናው ጋር አድረህ ያላወቅከውን እሱ በአምስት ደቂቃ በምን አወቀው?» አሉና ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ስልክና ነጭ ሶፍት ይዤ በማለዳ መኪናዬን ጠበቅኩ። መካኒክ አይደለሁም። ግን ሳይ፣ ሳነብና መካኒኮችን በጥያቄ ሳሰለች የገባኝን እዚህ ላካፍላችሁ። ብዙ ሰው ቀለሙን ብቻ ነው የሚያየው። ከቀለሙ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ጭሱ መቼ እንደመጣና ስንት ጊዜ እንደቆየ ነው።

ከመሠረቱ እንነሳ። ሲሊንደር ውስጥ፣ ማለትም ነዳጁ በሚቃጠልበት ክፍል፣ መግባት የተፈቀደላቸው አየርና ነዳጅ ብቻ ናቸው። የራዲያተሩ ውሃ በሲሊንደሩ ግድግዳ ዙሪያ እየዞረ ያቀዘቅዛል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ዘይቱም ከታች ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ)፣ ከላይ ቫልቮቹን (የአየርና የጭስ በሮቹን) ያለሰልሳል እንጂ እሳቱ ጋ ምንም ሥራ የለውም። ከሁለቱ አንዱ አጥሩን አልፎ ሲገባ በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣና ያሳብቃል። ውሃ ከሆነ ነጭ፣ ዘይት ከሆነ ሰማያዊ። ነዳጁ ራሱ ከአየሩ በላይ ሲበዛ ደግሞ ጥቁር። ይህንን ማንም ባጃጅ ነጂ ይነግራችኋል። የናፍታ መኪና ላይ ነጩ ሌላ ትርጉም አለው፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ችግሩ ያለው ማየቱ ላይ ነው። በጉማም የጅማ ጠዋት፣ በግራጫ ሰማይ ሥር፣ ሰማያዊውና ነጩ አንድ ይመስላሉ። ሰማያዊ ጭስ ሰማያዊነቱ የሚታየው ከኋላው ጥቁር ነገር ሲኖር ነው። መኪናውን ጭስ ማውጫው ወደ ጠቆረ በር ወይም ወደ ዛፍ ጥላ እንዲያይ አድርጋችሁ አሳድሩት። ሌላም ዘዴ አለ። እንፋሎት ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ትንሽ ራቅ እንዳለ አየር ላይ ይጠፋል። የዘይት ጭስ ግን አይጠፋም። ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ግቢውን ይዞራል፣ ልብስ ላይ ያርፋል። የእኔው መስኮት ላይ የተሰጣ ፎጣ ድረስ ደርሷል።

ሶፍቱ ለምንድነው? ሞተሩ እንደተነሳ ነጭ ሶፍት ከጭስ ማውጫው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያዙት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጡት። ውሃ ብቻ ከሆነ ይደርቅና ምንም አይቀርም፣ ቢበዛ ትንሽ ጥቀርሻ። ዘይት ከሆነ ግን ደርቆም ቅባቱ እንደ ሳምቡሳ መጠቅለያ ወረቀት ይታያል። በጣም ቀላል ነገር ነው፤ እስካሁን አንድም ጋራዥ ሲያደርገው አላየሁም። እጃችሁን ግን ጠብቁ፣ ቧንቧው ቶሎ ይግላል። በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ እንዳትሞክሩት። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል።

ምንም ያልሆነው ጭስ

በመጀመሪያ የሚያስደነግጠውን ግን የማያስፈራውን እናስወግድ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። ስሰማው አላመንኩም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቤንዚን ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ውሃ ይሆናል። ሞተሩ ሲሞቅ ይህ ውሃ የማይታይ ተን ሆኖ ይሄዳል። ጠዋት ግን ማርሚታው ሌሊቱን የበረደ ብረት ነው። ተኑ እሱን ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ አንዳንዴም ከቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ የጅማ ሌሊት በሚበርድበት በቡና ለቀማው ሰሞን፣ አዲስ መኪናም እንዲህ ያደርጋል።

መለያው ሰዓት ነው። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ከነዳችሁ በኋላ መጥፋት አለበት። ሽታ የለውም፣ የራዲያተሩ ውሃም አይቀንስም። ከጠፋ እርሱት። አንድ ነገር ብቻ፦ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ፣ ከመርካቶ ቤት፣ በአጭር በአጭሩ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ማርሚታው መቼም በደንብ አይሞቅም። ውሃው እዚያው እያደረ ከውስጥ ያዝገዋል። አልፎ አልፎ አጋሮ መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ ብትመልሱት ለማርሚታውም ለእናንተም ጥሩ ነው።

ዘይት ሲሆን

የእኔው ጉዳይ እዚህ ነበር። ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ።

የሳምንቱ ማስታወሻዬ እንዲህ ይላል። ሰኞ ጠዋት፦ እንደተነሳች አንድ ትልቅ ሰማያዊ ቡፍታ፣ ከ40 ሰከንድ በኋላ ንጹሕ። ሶፍቱ ላይ ቅባት። ሰኞ ከሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ቆማ፦ ምንም። ማክሰኞ ጠዋት፦ ያው ቡፍታ። ረቡዕ ዳገት ላይ ከኋላ ልጄ ባጃጅ ተከራይቶ አየልኝ፦ ምንም።

ዘይት ወደ ሲሊንደር የሚገባባቸው ዋና በሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ከላይ ነው። ቫልቮቹ በመሪያቸው ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ ከላይ ያለው ዘይት ተከትሏቸው እንዳይወርድ የምትከለክል ትንሽ የጎማ ቆብ አለች፤ የቫልቭ ሲል ትባላለች። ዓመታትና ሙቀት ሲያደርቋት ትጠነክራለች፣ ግንዱን መጨበጥ ትተዋለች። መኪናው ሲያድር ከላይ የቀረው ዘይት በዝግታ፣ ጠብታ በጠብታ ይወርዳል። ጠዋት ሲነሳ ያ የሌሊት ዘይት በአንዴ ይቃጠልና ይወጣል። ከዚያ ያልቃል። አድሮ የሚያጨስ፣ ቀን የማያጨስ መኪና ጣቱን የሚቀስረው ወደዚህች ቆብ ነው።

ሌላው በር ከታች ነው፣ የፒስተን ሪንግ፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚለውን ፒስተን የከበበ ቀለበት። ሪንጎቹ የሲሊንደሩን ግድግዳ እየጠረጉ ዘይቱን ወደ ታች ይመልሳሉ። ሲያልቁ ዘይቱ ከፒስተኑ በላይ ይቀራል። ይህ ጠዋት ብቻ አይመጣም። ሁልጊዜ ነው፤ በተለይ ጭነትና ዳገት ላይ፣ ነዳጅ ስትሰጡት ይጨምራል። ከሪንግ ጋር የሚመጣ ሌላ ምልክትም አለ። ሞተሩ ሲሞቅ በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጡት በዝግታ ሲዞር) እያለ የዘይት መሙያ ክዳኑን ላላ አድርጉ። ክዳኑ የሚዘል ከሆነ፣ ከውስጥ ጭስ እንደ ጋቢና ሲጋራ አጫሽ ቡፍ ቡፍ የሚል ከሆነ፣ የሲሊንደሩ ግፊት በሪንጎቹ አልፎ ወደ ሞተሩ ሆድ እየወረደ ነው።

ሁለቱን የሚለይ የመንገድ ፈተና አለ፣ ጅማ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረች ናት። ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ከተማ ስትወርዱ በሁለተኛ ማርሽ፣ እግራችሁን ከነዳጁ አንስታችሁ፣ ሞተሩ እንዲይዝ አድርጉ። ነዳጅ ሲዘጋ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ስበት ይበረታል። የደከመች የቫልቭ ሲል ካለች ዘይቱን ከላይ ይመጠዋል። ሜዳው ላይ ስትደርሱ ነዳጅ ስጡ። ከኋላ የሚከተል ሰው ሰማያዊ ቡፍታ ካየ ጥፋቱ ከላይ ነው። ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ የጊቤ ቁልቁለት ከዚህም የተሻለ ምስክር ይሰጣል። ቁልቁለቱ ላይ ሳይሆን ዳገቱ ላይ ብቻ የሚያጨስ ከሆነ ግን ሪንጉን ጠርጥሩ።

እርግጠኛ የሚያደርገው የግፊት መለኪያ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ተፈትተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ በሞተሪኖ ይዞራል፤ መለኪያው የየሲሊንደሩን ግፊት ይጽፋል። ዝቅ ያለ ሲሊንደር ከተገኘ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ይደፍናል። ግፊቱ ከፍ ካለ ሪንጉ ነው የደከመው። ካልተነቃነቀ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ (የሲሊንደሮቹ ክዳን ማሸጊያ) ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚጨምቀው አየር ካነሰ የሚለካው ግፊትም በዚያው ልክ ያንሳል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ 12 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ካለ፣ ጅማ ላይ ጤነኛ ሞተር 10 ባር እንኳ ላይሞላ ይችላል። የእኔዋ ሁለተኛ ጋራዥ ስትለካ አራቱም ሲሊንደሮች 9.5 አካባቢ መጡ። ከመጽሐፉ ጋር ያስተያየ ሰው «አልቋል» ይል ነበር። የለካልኝ ልጅ ግን «አራቱ እኩል ናቸው አይደል? ተወው» አለኝ። ልክ ነው። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከአሥር አሥራ አምስት በመቶ በላይ ሲያንስ ያኔ መጨነቅ ይገባል።

ሞተር ከመፈታቱ በፊት ሁለት ርካሽ ነገሮችን ማየት አይከፋም። አንደኛው፣ ዘይት በዝቶ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ጨምርበት» እየተባለ ከዘይት መለኪያ ዘንጉ የላይኛው ምልክት ያለፈ ዘይት ክራንኩ ይገርፈዋል፣ አረፋ ይሆናል፣ ይጨሳል። ሁለተኛው ፒሲቪ የምትባል ትንሽ ቫልቭ ናት። የሞተሩን የሆድ ተን ወደ አየር መሳቢያው መልሳ የምታስቃጥል ናት። በቆሻሻ ስትዘጋ ግፊቱ መውጫ ያጣል፣ ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገፋዋል። ፈታችሁ ነቅንቋት። ካንኳኳች ብዙውን ጊዜ ደህና ናት። ዝም ካለች ታጠብ ወይም ትቀየር።

ጭስ ያጠፋል ተብሎ በትንሽ ጣሳ የሚሸጠውንም ልንገራችሁ። አብዛኛው ዘይቱን የሚያወፍር ነገር ነው። ወፍራም ዘይት በሰፋ ክፍተት ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ጭሱ ለጊዜው ይቀንሳል። ጥፋቱ ግን እዚያው ነው። ከዚህ የሚጠቀመው መኪናውን ነገ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ብቻ ይመስለኛል።

ምን ያህል ዘይት መብላት ነው «ብዙ» የሚባለው? በ1000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር የሚጨርስ መኪና ወሰኑ ላይ ደርሷል ማለት ይቻላል። ለመለካት ጅማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ምቹ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሜዳ ላይ አቁማችሁ የዘይት መለኪያውን እዩ፣ ስትመለሱ እዚያው ቦታ ላይ አቁማችሁ እንደገና እዩ። የእኔዋ ሩብ ሊትር ነበር የጠጣችው።

እናም የወረደው ሞተር ሳይሆን የቫልቭ ሲሎቹ ብቻ ናቸው። ግፊቱን የለካልኝ ልጅ አሮጌዎቹን በእጄ ላይ አደረገልኝ። አንዷን በሁለት ጣቴ ጫን ሳደርጋት እንደ ሽምብራ ቆሎ ኩርሽም አለች። አዲሷ ደግሞ እንደ ማስቲካ ትለመጣለች። የከፈልኩት መጀመሪያ ከተጠራልኝ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሻይ ነው ማለት ይቻላል።

ነጩ የማይጠፋ ከሆነ

አሥር ደቂቃ አልፎ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ አሁንም ወፍራም ነጭ እየወጣ ከሆነ ነገሩ ተለውጧል። የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚዘጋው ክፍል) እና በሞተሩ ብሎክ (ሲሊንደሮቹ ባሉበት አካል) መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ነው። አንዳንዴ ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል።

ብዙ ቦታ «ጣፋጭ ሽታ ካለው ውሃው ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ጣፋጩ ሽታ የሚመጣው ግን ከማቀዝቀዣው ኬሚካል ነው። አብዛኞቻችን ራዲያተራችን ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ምንም አይሸትም። ስለዚህ ሽታ አልሸተተኝም ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ውሃው ራሱን ተከታተሉ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ክፈቱና ውሃው የት እንደደረሰ ምልክት አድርጉ። በየቀኑ ከቀነሰ፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ ከሌለ፣ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ሲነሳ ውሃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ የሚንፈቀፈቅ ከሆነ ደግሞ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እያለፈ ነው። ክዳኑን በሞቀ ሞተር ላይ አትክፈቱ። የፈላ ውሃ ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል።

ካንዴላዎቹም ይናገራሉ። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዷ ብቻ ታጥባ የተወለወለች መስላ ከወጣች እሷ ያለችበት ሲሊንደር ውሃ እየጠጣ ነው።

ከዚያ ዘይቱን እዩ። መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ነው። መኪናውን አታንቀሳቅሱ። ውሃ የገባበት ዘይት ብረት ከብረት አይለይም። ግን በመሙያው ክዳን ሥር ብቻ ትንሽ ቢጫ ክሬም ካያችሁና መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ አትደንግጡ። በእርጥብ አየርና በአጭር ጉዞ የሚጠራቀም ጤዛ ነው። ጅማ በክረምት ይህን የማያደርግ አሮጌ መኪና ብርቅ ነው።

አንድ ጠዋት ሞተሪኖው ግማሽ ዞሮ «ጓ» ብሎ ቀጥ ካለ፣ የራዲያተሩ ውሃም ከጎደለ፣ ደግማችሁ አትሞክሩ። በግፊ ለማስነሳትም ልጆች አትጥሩ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ከሆነ ውሃ አይጨመቅም፤ የሚታጠፈው የፒስተኑ ክንድ ነው። ካንዴላዎቹ ይፈቱና ውሃው ይውጣ።

ጓርኒሲዮን የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ሞተር ሲግል ነው። እዚህም ከፍታችን ጣልቃ ይገባል። ጅማ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ከዚህ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ያቺ ትንሽ ክዳን የስንቱን ሞተር ጉድ እንደሠራች መካኒክ ጠይቁ።

አንድ የተደበቀ ነጭ ጭስም አለ። የፍሬን ዘይት በየጊዜው እየጎደለ፣ ጎማዎቹ ጋ ግን ምንም ፍሳሽ ከሌለ፣ ዘይቱ በፍሬን አጋዡ በኩል ወደ ሞተሩ እየተሳበ ሊሆን ይችላል። ብዙ አይከሰትም። ሲከሰት ግን ሰው ሁሉ ጓርኒሲዮን ሲፈልግ ይውላል። ፍሬኑም አደጋ ላይ ስለሆነ ቅድሚያ ስጡት።

ጥቁሩ

ጥቁር ብዙ አያስጨንቅም፣ ኪስ ግን ያራቁታል። ነዳጅ ሳይቃጠል እየተጣለ ነው። ካርቡራተር (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው መኪና ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር አየሩን የሚቀንስ መዝጊያ) ተስቦ ሲነሳ የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ትንሽ ጥቁር ቢተፋ የተለመደ ነው። ቾኩን መመለስ ረስቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር የሚነዳም ሰው አይጠፋም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ከዚያ ቀጥሎ የአየር ፊልትሮ ነው። በበጋ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ቡና መቀሸሪያ አካባቢ የሚያድር መኪና ደግሞ የገለባው ብናኝ ይጨመርበታል። ፊልትሮውን አውጥታችሁ ወደ ፀሐይ አዙሩት። ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። ያለ ፊልትሮ ግን እንዳትነዱ፤ አቧራው ሪንጉን እንደ አሸዋ ወረቀት ይበላዋል፣ ከጥቁር ወደ ሰማያዊ ትሸጋገራላችሁ።

እዚህም ከፍታ አለ። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ለባሕር ዳርቻ በተለካ ቀዳዳ ነዳጁን እኩል ይሰጣል፤ አየሩ ግን ያንሳል። ከቆላ አገር የመጣ፣ ማንም ያልነካው ካርቡራተር ጅማ ላይ ትንሽ ጥቁር ቢል አይገርምም። የሚያውቅ ባለሙያ ያስተካክለዋል። ኢንጀክሽን ያለው፣ ነዳጁን በኮምፒውተር ለክቶ የሚረጭ መኪና ይህን በራሱ ያርማል። እሱ ጥቁር ካለ ብዙውን ጊዜ ሴንሰር ነው። ለምሳሌ የሙቀት ሴንሰሩ ሲበላሽ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ያስብና ነዳጅ ያበዛል።

ቤንዚን ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ጭሱን ሁሉ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ብላችሁ ክፈሉት። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን በደንብ አይቃጠልም፣ ይሸታል፣ ሞተሩንም ያንኳኳዋል። መኪናው በዚያው ቀን ከጀመረው ሞተሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ይፈተሽ።

ናፍታ ለብቻው ነው

የአይሱዙና የላንድክሩዘር ሰዎች፣ የእናንተ ነጭ ጭስ ውሃ ላይሆን ይችላል። ናፍታ ሞተር ካንዴላ አያቀጣጥለውም። አየሩ በጣም ሲጨመቅ በሚፈጥረው ሙቀት ነው የሚነደው። ጠዋት ብረቱ በርዶ ሙቀቱ ካልበቃ ናፍታው ሳይቃጠል እንደ ጉም ይወጣል። ነጭ ነው፣ ጥሬ ናፍታ ይሸታል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። ሲሞቅ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማሞቂያ ካንዴላው ነው። ቁልፉን ስትከፍቱ የጥቅልል ሽቦ ምልክት ያላት ቢጫ መብራት እስክትጠፋ የምትጠብቁት ለእሱ ነው። የማይጠብቅ ሹፌር አለ፤ ያ ጥፋት የመኪናው አይደለም። ጠብቃችሁም የሚያጨስ፣ እየተንቀጠቀጠም የሚነሳ ከሆነ ከማሞቂያዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ሞተዋል። በኤሌክትሪክ መለኪያ አንድ በአንድ ይታያሉ፣ ሞተር አይወርድም። እነሱ ደህና ከሆኑ ኖዝል (ናፍታውን የሚረጨው ጫፍ) የሚያንጠባጥብ፣ የናፍታ ፖምፓው የሚረጭበት ሰዓት የተዛባ፣ ወይም ግፊቱ የወረደ ሊሆን ይችላል። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ጥቁር የሚተፋ ናፍታ ግን ሌላ ነው። ፊልትሮውን፣ ኖዝሉን፣ የፖምፓውን ልክ ያሳዩ። «ጉልበት ይስጠው» ተብሎ ፖምፓው ናፍታ እንዲያበዛ ተከፍቶለት ከሆነ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

የመጨረሻው ነገር መኪና ለምትገዙ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉት አሮጌዎች እጅ በእጅ ነው የሚዞሩት። ጠዋት ብቻ የምታጨስ መኪና ከሰዓት ንጹሕ ናት፤ የእኔዋም እንደዚያ ነበረች። ሻጩ ይህን ያውቃል። ስትደርሱ ሰላምታ እየሰጣችሁ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ካገኛችሁት «ትንሽ ላሙቃት ብዬ ነው» ይላችኋል። እሺ በሉት፣ ቡናውንም ጠጡለት፣ ስለ ዋጋ ግን አታውሩ። «ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ፣ እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሳት» በሉት። ሶፍቱን አትርሱ።